የአንድ ሜትር ከሠላሳ ገበር

ገዳሪፍ፣ ኅዳር 28 ቀን 1977 ዓ.ም.

ልጄ ውባየሁ፣

ደብዳቤሽን የሎሪ ነጂው አደም ትናንት ከሰዓት በኋላ አደረሰኝ። ጤና መሆንሽን ከእጅ ጽሕፈትሽ አይቻለሁ፤ ፊደሎችሽ አልተንጋደዱም። እኔም ደኅና ነኝ። የደም ግፊቴን ስለ ጠየቅሽ፣ ክኒኑን እየዋጥኩ ነው። ጨው ግን አልተውኩም፤ እንደማልተውም ታውቂያለሽ።

ወደ ጉዳዩ ልግባ። ወደ አገሯ የተመለሰችው ሐዋጃ፣ ፈረንጇ ነርስ፣ የላባ የመኝታ ከረጢቷን ትታልሽ ሄዳለች። ውስጡ ናይለን ስለሆነ ገላ ላይ ይጣበቃል። ስለዚህ ከውስጥ የሚገባ፣ እየወጣ የሚታጠብ ገበር አሰፋልኝ ብለሻል። ጥሩ ነው። ነገር ግን እኔ ዓለማያ አራት ዓመት ተምሬ፣ ሁመራ ላይ አሥራ አንድ ዓመት የጥጥ ደረጃ ሳወጣ የኖርኩ ሰው ነኝ። «ለስላሳ ጨርቅ ይሁን» ተብሎ አይጻፍልኝም። ለስላሳ ማለት ምንም ማለት አይደለም። ሐርም ለስላሳ ነው፤ ብዙ የታጠበ ደሙር፣ ይህ ሻካራው የሱዳን ጥጥም፣ ለስላሳ ነው።

ከማሉን ታስታውሽዋለሽ፤ ከጎንደር አዲስ ዓለም የመጣው፣ እዚህ ሱቅ ውስጥ ጨርቅ የሚሸጠውና የሚሰፋው። ዛሬ ጠዋት መደርደሪያውን ሁሉ አስወረድኩት። ሐሩ ቀላል ነው፤ ሲጠቀለል በአንድ እጅ መዳፍ ይያዛል፤ ግን ስፌቱ ላይ ይተረተራል። ፍላኔሉ ይሞቃል፤ ነገር ግን ይከብዳል፣ ከታጠበም በኋላ ለመድረቅ ሙሉ ቀን ይፈጅበታል። ደሙር የማያልቅ ጨርቅ ነው፤ የመጀመሪያዎቹን ወራት ግን ገላ ይቦጫጭራል። ፖፕሊን ክሩ ቀጭን፣ ሽመናው ጥብቅ ስለሆነ ወደ እሱ አዘንብያለሁ። ለመቁረጥ ግን አንዳንድ ነገር ማወቅ አለብኝ። የምትተኚበት ቦታ ሌሊቱ ምን ያህል ይበርዳል? ትገላበጫለሽ ወይስ እንደ ልጅነትሽ በአንድ ጎንሽ ታድሪያለሽ? ማን ያጥበዋል፣ በምን ዓይነት ውሃ? የከረጢቱ መክፈቻስ በግራ ነው በቀኝ?

ከሁሉ በላይ ልኩ ተሳስቷል። ከረጢቱ ሁለት ሜትር ነው ብለሽ በአንዱ መስመር ጽፈሻል። በቀጣዩ መስመር ገበሩ አንድ ሜትር ከሠላሳ ይሁን ትያለሽ። አንቺ አንድ ሜትር ከስድሳ አምስት ነሽ። ገበር ለተኛው ሰው ጠበብ ወይም አጠር ካለ፣ ሰውየው በተዘረጋ ቁጥር ስፌቱን ይገነጥለዋል። መድኃኒቱንም እንዲህ የምትለኪ ከሆነ ለበሽተኞችሽ አዝናለሁ። እንደገና ለክተሽ ላኪልኝ።

ከእናትሽ ዘንድ ወሬ ሰምቼ እንደሆነ ጠይቀሻል። ዘንድሮ ከወገራ የመጣ ሰው አላጋጠመኝም። ለሰሊጥ አጨዳ የመጡት አብዛኞቹ የመተማ ሰዎች ናቸው። መንገዱም ክፉ ነው ይባላል። እናትሽ በላይነሽ ብርቱ ሴት ናት፣ ዘመድም አላት። ስለዚህ ነገር ሌላ ጊዜ በሰፊው እጽፍልሻለሁ።

አባትሽ፣ አስናቀው


ወድ ኤል ሒለው፣ ታኅሣሥ 4 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለአባቴ ለአቶ አስናቀው፣

እጅ እየነሣሁ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ስላስቆጣሁዎ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ልኩ ግን ትክክል ነው። አብሮኝ የሚሠራው የሽሬው ልጅ ረዳ በፋሻ ለክቶ በሜትር አረጋግጦታል። ቁጣዎን ሳነብለት፣ አባትሽ ጥጡንም እንዲህ ነበር የሚቆጡት ብሎ ሳቀብኝ። የከረጢቱን ግርጌ ወደ ላይ አጥፌ በገመድ አስረዋለሁ። በዚህ ነገር አይከራከሩኝ።

መክፈቻው በግራ ነው። ስንተኛ መገላበጥ አይቀርም፤ ስለዚህ ገበሩ ገላ ላይ እንዳይጠመጠም በአራቱም ማዕዘን ማሰሪያ ይኑረው። የማጥበው እኔ ነኝ። ውሃ በየቀኑ አይገኝም፤ በተገኘ ጊዜ ግን መቀቀል አለበት። እዚህ ከኩፍኝ ቀጥሎ ሰው የሚጨርስብን በቅማል የሚተላለፈው ትኩሳት፣ ግርሻ ነው። ቅማሉ ስፌት ውስጥ ይደበቃል። የላባውን ከረጢት መቀቀል አይቻልም፣ ገበሩን ግን ይቻላል። ስፌቱ ቅማል የማይገባበት ይሁን፤ ቀለሙም ነጭ ይሁን፣ ያለው ሁሉ እንዲታየኝ። ለምቾት የጠየቅሁ መስሎዎት ከሆነ፣ አይደለም፤ ለዚህ ነው።

ስለ ብርዱ፣ አንዳንድ ሌሊት ይበርዳል።

በዚህ ሳምንት ከሰቲት ማዶ ብዙ ሰው ገባ። ድንኳን ስላለቀ ከዛፍ ሥር ነው የሚያድሩት። ከጠዋት እስከ ማታ ቆመን ወተት እንለካለን። ክኒኑን በባዶ ሆድ እንዳይወስዱ፤ ጾሙን እኔ እጾምልዎታለሁ።

እስከ ታኅሣሥ 20 ቢደርስልኝ ደስ ይለኛል።

ልጅዎ፣ ውባየሁ


ገዳሪፍ፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 1977 ዓ.ም.

ውባየሁ፣

ሰላምታ ዛሬ ይቅርብን።

«አንዳንድ ሌሊት ይበርዳል» የሚል መልስ ከሌላ ሰው እቀበል ይሆናል። ከአንቺ አልቀበልም። አንቺ የሰው ትኩሳት በነጥብ እየለካሽ መዝገብ የምትጽፊ ነሽ።

ከማሉ ከረጢቱ የላባ መሆኑን ሲሰማ መቀሱን አስቀመጠ። «ኡስታዝ፣ ልጅህ ያለችው ወድ ኤል ሒለው ነው ደባርቅ?» አለኝ። እሱ መቀለዱ ነበር። እኔ ግን እቃው መሃል ቆሜ ቀረሁ። በወድ ኤል ሒለው ታኅሣሥ ላይ አንድ ጋቢ ይበቃል። በላባ ውስጥ የሚተኛ ሰው እዚያ በላብ ይሞታል። ከዚያ አደምን አስቀምጬ መረመርኩት። ነጋዴዎች ከወንዙ ዳር በቅሎ እያሰባሰቡ እንደሆነ፣ ከታኅሣሥ ሃያ በኋላ ወደ ወልቃይት እንደሚነሡ፣ አንዲት የጤና ሠራተኛም ስለ መንገዱ ስትጠይቃቸው እንደነበር ነገረኝ። ስሟን አላውቅም አለ። እኔ አውቃለሁ።

ልትሻገሪ ነው። ሰው እየሸሸ ወደሚመጣበት ወደዚህ ሳይሆን፣ ሰው እየሸሸ ወደሚወጣበት ወደዚያ። አውሮፕላኑ በቀን ይዞራል፤ ሽፍታው ደግሞ የሸሸውን ይጠብቃል። ከሰባት ዓመት በፊት በዚያ መንገድ ስንመጣ አሥራ ሰባት ዓመትሽ ነበር። የእግርሽ ቆዳ ተልጦ፣ ጥለውኝ ይሂዱ እያልሽ አለቀስሽ። ተሸክሜሽ አልመጣሁም፣ እየጎተትኩ ነው ያመጣሁሽ። እናትሽ ያን ዕለት ታናሽ እህትሽን ማሬን ታቅፋ ደጃፍ ላይ ቆማ የሚሄድ ይሂድ፣ እኔ እናቴን አልጥልም አለች። ማሬ ገና ሁለት ዓመቷ ነበር። ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፣ አልሰማችኝም። ያኔ እንቢ ያለች ሴት ዛሬ አንቺን ብላ አትነሣም።

ከዚህ በላይ ሁለት መስመር አጥፍቻለሁ። ቀለም ፈሶብኝ ነው። ለማንበብ አትሞክሪ።

አልፈቅድም። በሃያ አራት ዓመትሽ ፈቃዴን እንደማትፈልጊ ልትነግሪኝ ትችያለሽ፤ እኔም ጨርቅ የመከልከል መብት አለኝ። የት እንደምትተኚ በግልጽ ካልጻፍሽልኝ አንድ ስንዝር አላስቆርጥም።

አስናቀው


ወድ ኤል ሒለው፣ ታኅሣሥ 13 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለአባቴ፣

በጽሑፍ መዋሸት አልችልበትም፤ ከእርስዎ ነው የወረስኩት።

ታኅሣሥ 22 ማለዳ ከገብረ ሥላሴ ጋር እነሣለሁ። የወልቃይት ነጋዴ ነው፤ በዚያ መንገድ በቅሎ ሲነዳ ያረጀ ነው። እስከ ወገራ አሥራ አንድ ቀን ይፈጃል ብሎኛል። ቆላው ላይ በሰው ቤት እንተኛለን፤ ደጋውን ከወጣን በኋላ ግን ሜዳ ላይ ነው። ጠዋት ጠዋት ውሃው በቅሉ ውስጥ ረግቶ ይገኛል አለኝ። የት እንደምተኛ ይኸው ጻፍኩልዎ።

ማንን ለማምጣት እንደምሄድ አልጠየቁኝም። ስላልጠየቁኝ አልጻፍኩም።

ቀለም የፈሰሰበትን መስመር ወደ ፀሐይ አዙሬ አላየሁትም። ረዳ ልየው ቢለኝም ከለከልኩት።

ገበሩ ቢደርስልኝ በሰላም ተኝቼ እመለሳለሁ። ባይደርስልኝ ያለ ገበር እሄዳለሁ። በስፌት ውስጥ የተደበቀ ቅማል በአሥር ቀን ውስጥ ሰውን እንዴት እንደሚያደርገው በየቀኑ ነው የማየው፤ አውቄ ነው የምሄደው። ስለ አነጋገሬ ይቅርታ ይደረግልኝ። አደም ዳቦ ይዞልዎ መጥቷል፣ እኔ የጋገርኩት ነው፤ ጨው የለበትም።

ልጅዎ፣ ውባየሁ


ገዳሪፍ፣ ታኅሣሥ 16 ቀን 1977 ዓ.ም.

ልጄ ውባየሁ፣

ዳቦው ደርሶኛል። ጨው ነስንሼ በላሁት።

ገበሩ ተሰፍቷል። አሠራሩን ልንገርሽ፣ ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ እንዳልተሠራ ከማሉ ራሱ መስክሯል። ፖፕሊን ነው፣ ነጭ። ጥጥ ውሃ ሲነካው ስለሚሰበሰብ ሳይቆረጥ ሁለት ጊዜ አስቀቅዬ በጥላ አደረቅሁት። ስፌቱ ወደ ውስጥ ሁለት ጊዜ ታጥፎ፣ ጠርዙ በጠርዙ ተሸፍኖ፣ እንደገና በላዩ ተሰፍቷል፤ ቅማል አይደለም መርፌ አይገባበትም። በአጉሊ መነጽር የማይ እስኪመስል እየተጎነበስኩ ስፌት ስለቆጠርኩበት፣ ከማሉ አንድ ጊዜ መኪናውን ትቶ ተነሥቶ፣ ና አንተ ስፋው አለኝ። በግራ በኩል እስከ ወገብ ድረስ ክፍት ነው፤ ድንገት መነሣት ቢያስፈልግሽ እግርሽ አይያዝም። ማሰሪያዎቹ አራት ናቸው። ልኩን አርሜዋለሁ፤ አንድ ሜትር ከዘጠና አድርጌዋለሁ። በሙያዬ ተሳስቶ የተጻፈ ቁጥር አላሳልፍም።

ግን በአደም አልላክሁትም። እኔው ይዤው እመጣለሁ።

ተስሪሕ የሚሉትን የመንገድ ፈቃድ ለማውጣት ሦስት ቀን ቢሮው ደጃፍ ቆሜያለሁ። ሹሙ በመጀመሪያው ቀን ምክንያቴን ጠየቀኝ፤ ልጄን ለመጠየቅ አልኩት። ልጅህ ታማለች ወይ አለ። አልታመመችም አልኩ። ታዲያ ምን ያስቸኩልሃል ብሎ ወረቀቴን ከሌሎቹ ሥር አደረገው። ታማለች ብል በዚያው ቀን ይሰጠኝ እንደነበረ አሁን ገብቶኛል። ታኅሣሥ 24 ተመለስ ብሎኛል። ከዚያ በፊት ልደርስ አልችልም፤ አንቺ ደግሞ በ22 እነሣለሁ ትያለሽ።

ጠብቂኝ። ስለ ጨርቅ አይደለም የምለምንሽ። የምነግርሽ ነገር አለ፤ በወረቀት የሚነገር አይደለም። ጎህ ሲቀድ፣ ዘመድና ጎረቤት ባለበት፣ ሰው አጠገብሽ ተቀምጦ የሚነገር ነገር ነው። በአደም ሎሪ ከሽንኩርት ጆንያ ጋር አልልከውም። ከሰማሽው በኋላ መሄዱን ራስሽ ትተይዋለሽ። ሰባት ዓመት ሙሉ ምንም ለምኜሽ አላውቅም። አምስት ቀን ብቻ ጠብቂኝ።

አባትሽ፣ አስናቀው


ወድ ኤል ሒለው፣ ታኅሣሥ 18 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለአባቴ፣

የሚነግሩኝን አውቃለሁ።

ኅዳር 12 ቀን ዘሐራ ወደዚህ ገባች። የሸማኔው ሚስት ዘሐራ፣ ከቤታችን በታች የነበሩት። ያን ዕለት ምንም አላለችኝም። በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ ረዳና የሰፈሩ ሴቶች ድንኳኔ ድረስ መጡ፤ እናቴ ነሐሴ ላይ እንዳረፈች እንደ ደንቡ ነገሩኝ። አለቀስኩ፣ ሰዎቹም ሦስት ቀን አብረውኝ ተቀመጡ። ስለዚህ በዚያ በኩል አይጨነቁ፤ ብቻዬን አልሰማሁትም።

ለእርስዎ ያልጻፍኩት እርስዎ እንደ ጻፉት ነው፤ በወረቀት አይነገርም። ገዳሪፍ ላይ አጠገብዎ ማን ይቀመጣል ብዬም ፈራሁ። በመጀመሪያው ደብዳቤዬ ወሬ ሰምተው እንደሆነ የጠየቅሁት ማወቅዎን ለማወቅ ነበር። አልሰማሁም ሲሉኝ አመንኩዎ። እኔ ከእርስዎ ስደብቅ እርስዎም ከእኔ ይህንኑ ሲደብቁ ኖረዋል። ይቅር ይበሉኝ፤ እኔም ይቅር ብያለሁ።

አሁን ግን ሌላውን ልንገርዎ። ይህኛው በወረቀት ሊነገር ይችላል፣ የደስታ ነውና። ማሬ በሕይወት አለች።

ከእናቴ ጋር አብራ ታማ ነበር፣ ዳነች። ዘሐራ ልታመጣት ፈልጋ ነበር፤ ማሬ እግሯ ቆስሎ መራመድ ስላልቻለች፣ ከዘሐራ አማት ጋር ትታት መጣች። አሮጊቷና እሷ ብቻ ናቸው። ያለቻቸው እህል እስከ ጥር አጋማሽ ብታደርስ ነው ብላኛለች። ዘሐራ የሸማኔ ሚስት ስለሆነች ቁመቷን በክንዷ ለክታ ነው የመጣችው፤ ሁለት ክንድ ከስንዝር። በሜትር አንድ ከአሥራ አምስት ይሆናል። አሥራ አምስት ሳንቲም ለትራስ ጨመርኩ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት፣ ግን ያን ያህል ነው የሆነችው። በመመለሻው መንገድ የምትተኛበት እሷ ናት፤ እኔ በጋቢዬ አድራለሁ። አንድ ሜትር ከዘጠና የሆነ ጨርቅ ውስጥ ገብታ ትጠፋለች።

አምስት ቀን መጠበቅ አልችልም። ነጋዴዎቹ ከሄዱ ሌላ መንገደኛ እስከ የካቲት የለም። እህሉ ደግሞ እስከ የካቲት አይቆይም።

አደም ከነገ ወዲያ ገዳሪፍ ይደርሳል። ከወደዱ ይስጡት።

ልጅዎ፣ ውባየሁ


ገዳሪፍ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 1977 ዓ.ም.

ልጄ ውባየሁ፣

ይህንን የምጽፈው ከማሉ ሱቅ ውስጥ ሆኜ ነው። አደም ውጭ ሞተሩን አስነሥቶ ይጠብቀኛል። ዛሬ የሚያድርበት ቀኑ ነበር፤ ደብዳቤሽ ውስጥ ያለውን ስነግረው ሻዩን ሳይጨርስ ተነሣ። ሸዋክ ኬላ ላይ ካልያዙት ነገ ማታ ወድ ኤል ሒለው ይገባል።

ገበሩን አሳጥረነዋል። ስልሳ ሳንቲም ወጣለት። ግርጌውን እንደገና አጥፈን ሰፋነው። የተቆረጠውን አልጣልኩትም፤ ቁስሏን የምታስሪበት ተቀቅሎ በጥቅሉ ውስጥ አለ። ልክሽ ትክክል ነበር። ይህንን በጽሑፍ እንድታገኚው ብዬ ነው የምጽፈው።

አሁን የእኔን ስሚ። የወገራ ሰው አላጋጠመኝም ያልኩሽ ውሸት ነው። ጥቅምት 6 ቀን ደመቀ የሚባል የቀን ሠራተኛ ለሰሊጥ አጨዳ መጥቶ እህል የምመዝንበት መጋዘን ደጃፍ ላይ አገኘኝ። የመንደራችን ሰው ነው። ሚስትህ አርፋለች፣ ቤቱ ተዘግቷል አለኝ። ቤቱ ተዘግቷል ሲል ሁሉም አልቀዋል ማለቱ መሰለኝ። ሰውየው ግን ስለ ቤቱ ብቻ ነበር የነገረኝ። የሚቀጥለውን ጥያቄ እየጠበቀ ፊቴን አየ። እኔ ስለ ማሬ አልጠየቅሁትም። ሰላም ዋል ብዬው ወደ ሚዛኔ ተመለስኩ። በማግሥቱ ወደ ፋው እርሻ ሄደ፤ አልፈለግሁትም።

ይህንን ሁሉ ዛሬ ለከማሉ ነገርኩት። ሁለት ወር ሙሉ በየቀኑ ሱቁ እየተቀመጥኩ ምንም አልነገርኩትም ነበር። ጨርቁን ከጉልበቱ አወረደና፣ «አስናቀው፣ ለአንድ ገበር ስንት ጥያቄ ጠየቅህ? ለልጅህ አንድ አጣህ?» አለኝ። ኡስታዝ አላለኝም። ራሒማ ሚስቱ ከጓዳ ሰምታ መጣች፤ ሱቁ ደጃፍ ላይ ሰሌን አነጠፈች። ጎረቤቶች አሁን መምጣት ጀምረዋል። ለሁለት ወር ያልተለቀሰላት እናትሽ ዛሬ በእስላም ደጃፍ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ እየተለቀሰላት ነው። አንቺ ብቻዬን አልሰማሁትም ብለሻል። እኔ ብቻዬን ነበር የሰማሁት፤ ብቻዬን እንድሰማውም የፈለግሁ እኔ ነኝ።

አትሂጂ አልልሽም። ሂጂ። በቆላው ላይ ገበሩን አትጠቀሚበት፣ ታጥፎ ንጹሕ ይቆይ። ማሬን ከማስተኛትሽ በፊት ፀጉሯን ላጪው፣ ልብሷንም አቃጥይው፤ ታለቅሳለች፣ አትስሚያት። እግሯ ካልዳነ በቅሎው ላይ በጎኗ አስቀምጫት፣ እግሯ ተንጠልጥሎ እንዳይውል። እኔ እንዳደረግሁሽ አትጎትቻት።

ተስሪሑ ዛሬ ጠዋት ተሰጠኝ። ሹሙን ልጄ ታማለች አልኩት፤ እግሯ ስለቆሰለ አልዋሸሁም። የሚያገለግለው ከጥር 1 እስከ ጥር 15 ነው። ሒሳቡን ሠርቻለሁ። ጥር 3 ወገራ ትደርሻለሽ። የቆሰለ ልጅ ይዞ መመለሱ ከአሥራ አምስት ቀን አያንስም። ወንዙን የምትሻገሩት ቢፈጥን ጥር 18 ነው፤ ወረቀቱ ሦስት ቀን ያንሰዋል። ሰባት ዓመት በዚህ አገር ስኖር ጊዜው ባለፈ ወረቀት አንድ ቀን አላደርኩም፤ ያደሩትንም ስሳደብ ኖሬያለሁ። ጥር 15 ማታ ከወድ ኤል ሒለው አልነሣም። ከያዙኝ የት እንዳሰሩኝ ረዳ ይነግራችኋል። ካልያዙኝ ወንዙ ዳር ነኝ።

አባታችሁ፣ አስናቀው